ጣቶች አልጨበጥ ሲሉ፦ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ሕክምናው



ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ራሱን አስቀድሞ የሚያስታውቀው በሱብሂ ሰዓት ነው። አንዲት እናት ለሰላት ትነሳለች። የውዱእ ውኃ ያለበትን ኢብሪቅ ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ አልጨበጥ ይሏታል። እንደምንም ውዱእ አድርጋ ትቆማለች። ሱጁድ ስትወርድ የእግሯ ጣቶች መታጠፍ ያቅታቸዋል፤ ከጣቶቿ ሥር ጠጠር የረገጠች ያህል ያማታል። ፀሐይ ወጥታ ሥራ ስትጀምር እጇ ቀስ በቀስ ይፍታታል። እሷም "ብርድ ነው" ብላ ትረሳዋለች። በማግሥቱ ሱብሂ ላይ ግን ያው ነው። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል።

ይህች እናት አክስታችን ናት። ደሴን የሚያውቅ ሁሉ የጦሳን ብርድ ያውቃልና "ብርድ ነው" ስትል የተከራከራት ሰው አልነበረም። እኛም ጭምር። በዚያን ጊዜ ለተማሪዎቻችን ስለ ሰውነት ክፍሎች እያስተማርን በቤታችን ውስጥ የሚሆነውን አላስተዋልንም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሐኪም ሆነን አይደለም። መምህር ነን። ሐኪሞችን ጠይቀን፣ አንብበን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዘመዳችን ላይ የደረሰውን አይተን ነው።

በሕክምና ቋንቋ በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። በእኛ አገር ግን መገጣጠሚያውን ያመመው ሰው ሁሉ "ቁርጥማት" ወይም "ሪህ" አለበት ይባላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ በሽታዎች በአንድ መድኃኒት የሚድኑ ይመስለናልና። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው የጉልበት ሕመም ሌላ ነው፤ እሱ ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የእግርን አውራ ጣት በአንድ ሌሊት አሳብጦ እንቅልፍ የሚነሳው ሪህ ሌላ ነው። ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም መገጣጠሚያ ያሳምማል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያምታታው ግን ከጉሮሮ ሕመም ቀጥሎ የሚመጣው ሩማቲክ ፊቨር ነው። ይህኛው ባብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚይዝ፣ መገጣጠሚያን አሳምሞ የሚያልፍ፣ ልብን ግን ጎድቶ ሊቀር የሚችል በሽታ ነው። እንዳይመለስ ሲባል በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይሰጣል። አክስታችን በ42 ዓመቷ ይኸው መርፌ ታዘዘላትና አንድ ዓመት ያህል በየወሩ ስትወጋ ቆየች። መርፌው ለራሱ በሽታ ጠቃሚ ነው። ለእሷ ግን አንድ ዓመት አባከነባት።

ለመሆኑ በመገጣጠሚያው ውስጥ ምን ይሆናል? ጀርም ሲገባ የሚዋጋው የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል መገጣጠሚያን ከውስጥ የሸፈነውን ስስ ሽፋን እንደ ባዕድ ይቆጥርና ይዋጋዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ውኃ ይቋጥራል። ውሎ ሲያድር ለስላሳውን አጥንት፣ ቀጥሎም ራሱን አጥንቱን ይበላዋል፤ ጅማቱንም ያላላዋል። በሕክምና ሳይያዝ የቆየ ሰው ጣቶቹ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ተንጋደው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። በሽታው ሲበረታ ከመገጣጠሚያም አልፎ ሳንባን፣ ዓይንንና የደም ሥርን ይነካል።

ምልክቶቹን ማወቅ ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ነው፤ ቀኝ እጅ ካመመ ግራውም ያማል። የሚያብጡት ጣቶች ከመዳፍ ጋር የሚገናኙበት አንጓ፣ የጣቶች የመካከለኛው አንጓ፣ የእጅ አንጓና የእግር ጣቶች ሥር ነው። በጥፍር በኩል ያለው የመጨረሻው አንጓ ባብዛኛው ይተርፋል። የጠዋቱ ግትርነት ሳይፈታ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና መክሳት ይከተላሉ። ይህ ሁኔታ ለ6 ሳምንት ከዘለቀ "ብርድ ነው" ማለት ይብቃ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶ ሰባ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ወንዱም ግን አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕታውን፣ የሰውን ልብ ወደ ሌላ ሰው በማዛወር የመጀመሪያ የሆነው ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ይኸው በሽታ ነበረበት። ያን ዝነኛ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ በሽታው ከያዘው ዓመታት አልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 እጆቹ እምቢ ስላሉት ከቀዶ ሕክምና ሥራ ወጣ። የዚያን ዘመን ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው መድኃኒት ዛሬ ካለው ጋር አይወዳደርም።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ ከዳሰሰ በኋላ የደም ምርመራ ያዛል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው አለ፤ ከእሱ ይልቅ ለዚህ በሽታ ለይቶ የሚናገረው አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ነው። የመቆጣቱን መጠን ለማየት ደግሞ ኢኤስአርና ሲአርፒ ይሠራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሩማቶይድ ፋክተር ጤነኛ ሰው ላይ ሊገኝ፣ ሕመምተኛው ላይ ደግሞ ሊታጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ "ደሜ ነጻ ነው ተባልኩ" ብሎ እያበጡ ቤት መቀመጥም፣ አንዲት የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ መደናገጥም ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዚህን በሽታ መድኃኒቶች በሁለት መክፈል ይቻላል። አንደኞቹ ሕመምና እብጠት ያስታግሳሉ፤ ሁለተኞቹ ራሱን በሽታውን ይይዛሉ። አብዛኛው ሕዝባችን የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው።

ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን ከአንደኞቹ ወገን ናቸው። ሕመም ይቀንሳሉ፤ አጥንቱ መበላቱን ግን አያስቆሙም። ጭሱን እንጂ እሳቱን አያጠፉም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ከጅዳና ከሪያድ የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣቸው ይዘው ከሚመጡት መካከል እነዚህ ኪኒኖችና ቅባቶች አይጠፉም። የዘመድ ፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን ዐረብኛ ማንበብ የሚችል ሰው በቤቱ ቢኖር እንኳ ያቺን ሴት መርምሮ "ለኩላሊትሽ ይስማማል" ያላት ሐኪም የለም።

ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የእሱ ቤተሰብ የሆነው ኮርቲዞን እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ በዶክተር ፊሊፕ ሄንች አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁርጥማት ሕመምተኛ ተሰጠ። መንቀሳቀስ ያቃታት ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ መራመድ ቻለች። ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዓለም መድኃኒቱ ተገኘ ብሎ ተደሰተ። ጥቂት ቆይቶ ግን መዘዙ መታየት ጀመረ።

በአክስታችን ቤትም የሆነው ይኸው ነው። አንድ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንት አዘዘላት። ሱብሓነላህ! በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ ተፍታቱ፤ ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ፤ እሷም ያችኑ ማዘዣ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች። ያቺ ወረቀት እስክትቀዳደድ ድረስ አራት ዓመት ሠራች። ፊቷ ሲሞላና ስትወፍር ጎረቤቱ "ማሻአላህ፣ ተስማማሽ!" ይላት ነበር። እኛም ደስ ብሎን ነበር። ውፍረቱ ግን የመድኃኒቱ ነው። በአራተኛው ዓመት ስኳር ተገኘባት። አንድ ቀን በራፍ ላይ አዳልጧት እጇን ብትደገፍ አንጓዋ ተሰበረ፤ መድኃኒቱ አጥንቷን አሳስቶት ኖሯል። ራጁን ያዩት ሐኪም ስብራቱን ትተው ጣቶቹን ሲያዩ ቆዩና "እነዚህን ጣቶች እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚከታተላቸው?" ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ይህን ስንል ፕሬድኒሶሎን መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ዋናው መድኃኒት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ እንደ መሸጋገሪያ ሲሰጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ሐኪሞች በተቻለ መጠን በሦስት ወር ውስጥ ቀንሰው ሊያቆሙት ይጥራሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቦ በድንገት እንዳያቆም አደራ እንላለን። ሰውነቱ የራሱን ማመንጨት ስለሚተው ድንገተኛ ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ።

ዋናው መድኃኒት ያልነው ሜቶትሬክሴት ነው። የዛሬ የቁርጥማት ሕክምና በዓለም ዙሪያ የሚጀመረው ባብዛኛው በእሱ ነው። ብዙ ሰው ግን በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቦ ወይም አስነብቦ "የካንሰር መድኃኒት ነው" ሲባል ደንግጦ ይመልሰዋል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለደም ካንሰር ከተሠሩት መድኃኒቶች ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የእሱ ታላቅ ወንድም ሊባል የሚችለው አሚኖፕተሪን ለቁርጥማት ተሞክሮ ውጤት አሳየ፤ ሜቶትሬክሴት ራሱ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ለቁርጥማት የሚሰጠው መጠን ለካንሰር ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ሥራውም ተሳስቶ የሚዋጋውን የመከላከያ ኃይል ማብረድ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ያስታውስ፦ ለቁርጥማት ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ አይደለም። በስሕተት በየቀኑ ወስደው መቅኔያቸው ደም ማምረት አቁሞ የሞቱ ሰዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል። ኪኒኑ ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። ለምሳሌ ሐኪሙ 15 ሚሊ ግራም ቢያዝ ስድስት ፍሬ ማለት ነው፤ ስድስቱም በዚያችው ቀን ይወሰዳሉ፣ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ምንም የለም። ቀኑን በስሙ መወሰን፣ በካርዱም ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ይሰጣል፤ የአፍ ቁስልንና ማቅለሽለሽን ይቀንሳል።

ሜቶትሬክሴት ፈጥኖ አይሠራም። ውጤቱ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከፕሬድኒሶሎን ጋር የለመደ ሰው በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ከመጀመሩ በፊት ጉበት፣ ኩላሊትና የደም ቆጠራ ይታያል። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ ስላለ እሱም መመርመር አለበት። ከተጀመረ በኋላም የደም ምርመራው በየጊዜው ይቀጥላል። የደም ምርመራ ሳይኖር መድኃኒቱን ብቻ ከውጭ አስልኮ መውሰድ እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ለሽንት ወይም ለተቅማጥ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎች ባክትሪም የሚሉት፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲወሰድ ለአደጋ ያጋልጣል፤ የመድኃኒት ባለሙያውን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

መጠጥ ከዚህ መድኃኒት ጋር ክልክል ነው የሚለው ማስጠንቀቂያ ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይሆንም። ስለ ጫት ግን ዝም ማለት አንችልም። በሐረር የተደረገ ጥናት ጫት ዘወትር የሚቅሙ ሰዎች ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ጉበትን የሚፈትን መድኃኒት እየወሰዱ በየቀኑ መቃም የራስ ጠላት መሆን ነው። ሲጋራም በሽታውን ያባብሳል፣ መድኃኒቱንም ያደክማል።

ለወጣት ሚስቶችና ባሎች የሚሆን ነገር እንጨምር። ሜቶትሬክሴት ጽንስን ያስወርዳል፣ አካሉንም ያጎድላል። የወሊድ እቅድ ያላት ሴት ከማርገዟ ወራት አስቀድማ ለሐኪሟ ነግራ መድኃኒቱ ሊቀየርላት ይገባል። ሌፍሉኖማይድ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን ግን በእርግዝና ጊዜ በሐኪም ክትትል ሊወሰዱ ይችላሉ። በሽታው በእርግዝና ጊዜ ብዙ ጊዜ ይለዝባል፤ ከወሊድ በኋላ ግን ይነሳል። አራስ ሕፃን ማንሳት ያቃታት እናት ሰነፍ አይደለችም። አማቶች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከሁሉም የዋህ የሆነው ነው፤ ለዓመታት ሲወሰድ ግን የዓይን ምርመራ ይፈልጋል። ሰልፋሳላዚን ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት አይሆንም። አንዱ ብቻውን ካልበቃ ሐኪሙ ሁለት ሦስቱን ሊያቀናጃቸው ይችላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በሦስት ወር ውስጥ የሚጨበጥ መሻሻል ካልታየ፣ በስድስት ወር ውስጥ እብጠቱ ጠፍቶ በሽታው ካልበረደ፣ ሕክምናው ይለወጣል። ዓመት ሙሉ በአንድ ማዘዣ መመላለስ የለም። ምክንያቱም አጥንት መበላት የሚጀምረው ቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም።

ከእነዚህ በኋላ የመጡት በመርፌ የሚሰጡት ባዮሎጂክ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በለንደን ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ የተባሉ ሊቃውንት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን መገጣጠሚያ የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር የሚያግድ መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ሰጡ። ኤታነርሴፕት እ.ኤ.አ. በ1998፣ አዳሊሙማብ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ተፈቀዱ። ሜቶትሬክሴት ለማይበቃቸው ሰዎች ትልቅ ተስፋ ናቸው። ግን የተኛን የሳንባ ነቀርሳ ይቀሰቅሳሉ። እንደኛ ነቀርሳ በበዛበት አገር ሳይመረመሩ መጀመር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አዳሊሙማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ዋጋው ግን አሁንም ከብዙው ሕዝባችን አቅም በላይ ነው። በኪኒን መልክ የመጣው ቶፋሲቲኒብም አለ፤ በልብና በደም መርጋት በኩል ማስጠንቀቂያ ስላለበት ለሁሉም አይታዘዝም። ይህን የምንጽፈው ቤቱን ሸጦ መርፌ ፍለጋ የሚነሳ እንዳይኖር ጭምር ነው። ርካሹ ሜቶትሬክሴት በጊዜ ተጀምሮ በሚገባ ከተወሰደ ብዙውን ሰው ይይዘዋል።

ስለ ባህላዊውስ? ፍል ውኃ መግባት ያፍታታል፤ ማንም አይከለክልም። ጥቁር አዝሙድና ማር የሚወስድ ሰውም ይውሰድ፤ ዱዓም ከሕክምና ጋር አይጣላም። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል አጥንት መበላቱን ያስቆማል ተብሎ የተረጋገጠ የለም። ዋግምት የሚያደርግ ሰው ቢያንስ ምላጩ አዲስ መሆኑን፣ ደሙም የማያንስ መሆኑን ያረጋግጥ። ከሁሉ የሚያስፈራን "ንጹሕ ዕፅ ነው" እየተባለ በእንክብል የሚሸጠው ነው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ በሚባል ለመገጣጠሚያ በሚሸጥ እንክብል ውስጥ በሳጥኑ ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ማግኘቱን አስታውቋል። ዴክሳሜታዞን ከፕሬድኒሶሎን የበረታ ወንድሙ ነው። በሦስት ቀን "ተአምር" የሠራ ዱቄት ሲያጋጥመን የአክስታችንን ሦስተኛ ቀን እናስታውሳለን።

ሕመምተኛ በዲናችን ዘንድ ያለውን ፈቃድ አለማወቅም ሌላ ሥቃይ ይጨምራል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ዑለማዎች የተስማሙበት ነው። ወንበር ላይ መስገድ የሚያሳፍራቸው አባቶች አሉ፤ አያሳፍርም። ለውዱእ ውኃውን ማሞቅ፣ ልጅ እንዲያፈስ ማድረግ፣ ውኃው የሚጎዳው ከሆነ ስለ ተየሙም ዓሊም መጠየቅ ይቻላል። ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ በሻዕባን ሐኪምን ማማከር ጥሩ ነው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል፤ ፕሬድኒሶሎንም በሰሁር ጊዜ። ለጾም ብሎ ፕሬድኒሶሎን ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሐኪሙ አትጹሙ ካለ፣ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ የታወቀ ነው፤ ቀዳውን ወይም ፊድያውን በተመለከተ ዓሊም ይጠየቃል።

ሐጅ ወይም ዑምራ ያሰበ ሰው ደግሞ አንድ የማይታሰብ ነገር አለበት። ሳዑዲ ዐረቢያ ከአገራችን ለሚሄዱ ተጓዦች የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ይህ ክትባት ሕያው ጀርም ያለበት ስለሆነ የመከላከያ ኃይላቸው በመድኃኒት ለተዳከመ ሰዎች፣ በተለይም ባዮሎጂክ ለሚወስዱት፣ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በጉዞው ዋዜማ ተሰልፎ ከመወጋት በፊት፣ ከተቻለም ሕክምናው ሳይጀመር፣ ሐኪሙን ማማከር ያሻል።

በቤት ውስጥ የሚደረገውም ሕክምና ነው። መገጣጠሚያ ሲያብጥ ማሳረፍ፣ ሲበርድ ደግሞ በየቀኑ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ጭራሽ የተኛ መገጣጠሚያ ይደርቃል። በሞቀ ውኃ ውስጥ ጣቶችን መዘርጋትና መጨበጥ ጠዋት ጠዋት ይረዳል። ጀሪካን በጣት አንጠልጥሎ መሸከም፣ ልብስ መጭመቅ፣ ሊጥ ማሸት የታመሙ ጣቶችን ይጎዳል። ይህ የልጆች ሥራ ይሁን፤ የወንዶቹ ልጆችም ጭምር። በአክስታችን ቤት ልብስ የመጭመቁን ሥራ የወሰደው ትልቁ ወንድ ልጇ ነው። መጀመሪያ ጓደኞቹ ሳቁበት። አሁን ለምደውታል።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ያለች አንዲት የሒሳብ መምህርት ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠመኔ ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ነበር። "ብርድ ነው፣ መምህር" ስትለን በዚህ ጊዜ ዝም አላልንም፤ እንዲያውም ነገሩን አበዛንባት። በጀመራት በአራተኛው ወር ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሄደች፤ የዚህ በሽታ ልዩ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና አብዛኛው ሰው የሚታየው በእነርሱ ነው። ሜቶትሬክሴት ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመድኃኒቱ ማግሥት እያቅለሸለሻት ክፍል የገባችበት ቀን ነበር። በሦስተኛው ወር እብጠቱ ወረደ። ዛሬ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሞላዋለች። ድናለች አንልም፤ መድኃኒቱን እየወሰደች ነው። ጣቶቿ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

የአክስታችን ጣቶች አልቀኑም። ስኳሩም አለ። ሕመሙና እብጠቱ ግን በአላህ ፈቃድ ለቋታል። የመድኃኒቷ ቀን ሐሙስ ማታ ከዒሻ በኋላ ነው። ልጇ ስድስቱን ፍሬ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ቆጥራ ታመጣላታለች፤ የቀረው ሳጥኑ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከቁም ሳጥኑ ላይ ይመለሳል። ቅዳሜ ፎሊክ አሲድ። የድሮውን ከባድ ኢብሪቅ ለጎረቤት ሰጥታ ቀላል የፕላስቲክ ገዝታለች፤ እጀታውን በጨርቅ አወፍራ ጠቅልላዋለች፣ በሁለት እጇ ይዛ ታነሳዋለች። ለሱብሂ ማንም አያፈስላትም።